ሦስተኛው ጥርስ

ፈጣሪ ለሰው ልጅ ጥርስን ሁለት ጊዜ በነጻ ሰጥቶታል፤ መጀመሪያ 20ውን የወተት ጥርስ፣ ኋላም እነዚያ ሲረግፉ 32ቱን የዕድሜ ልክ ጥርስ። ሕፃን ሳለን የወለቀውን ጣሪያ ላይ ወርውረን በምትኩ ያማረውን እንዲሰጠን ለምነን፣ ልመናችንም ያለ ማመልከቻና ያለ ቴምብር ተፈጽሞልን ስናበቃ፣ አድገን ጥቂት ገንዘብ በእጃችን የገባ ዕለት ግን ሦስተኛውን ጥርስ ከሰው እጅ ልንገዛ እንነሣለን። የፊተኞቹ ሁለቱ ሲመጡ ምርጫችንን የጠየቀን አልነበረም፤ መልካቸውና ቁመታቸው፣ አሰላለፋቸውም ጭምር በአባትና በእናት ዘር ተወስኖ፣ አንድ ባንድ በጸጥታ ብቅ አሉ። ሦስተኛው ግን የቀለም ዝርዝር አለው፤ ቀብድ አለው፤ ቀጠሮ አለው፤ ብዙ ጊዜም ጸጸት አለው። የዛሬው ወጌ ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ጥርስ፣ ይልቁንም ሦስተኛው ሳይሰምር ሲቀር እርሱን ለማቃናት ስለሚመጣው ስለ አራተኛው ነው።

ነገሩ የተፈጸመው በአረካ ነውና ስለ አረካ ጥቂት መናገር ይገባል። አረካ፣ ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወርደው መንገድ ሶዶ ለመድረስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው የሚያገኛት፣ የቦሎሶ ገበሬ ጎዳሬውንና ዝንጅብሉን ለገበያ የሚያወጣባት፣ የእንሰት ምርምር የሚካሄድበት የግብርና ማእከል ያላት ከተማ ናት። በዚህች ከተማ ጥርስ ከጌጥነቱ አስቀድሞ ሥራ ያለው አካል ነው። በክረምት በቆሎው ከከሰል ላይ ተነሥቶ ከነትኩሳቱ ይጋጣል፤ ሸንኮራው ቢላዋ ሳይጠበቅ በጥርስ ይላጣል፤ በመስከረም እኩሌታ ገደማ፣ ወንዱ ለበሬ ሴቲቱም ለቅቤ ዓመቱን ሙሉ ሲያጠራቅሙ የከረሙለት የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲደርስ ደግሞ ቁርጡ ከዳጣው ጋራ ይቀርባል። ቁርጥ ሲበላም ወግ አለው። ሙዳው በግራ እጅ ይያዝና ጫፉ በፊት ጥርስ ይነከሳል፤ ቀኝ እጅ ቢላዋውን ከከንፈር ፊት ለፊት አድርጎ የተነከሰውን ካልተነከሰው ይለየዋል፤ ይህን አይቶ የማያውቅ እንግዳ የባለቤቱ አፍንጫ አብሮ የሚሄድ መስሎት ዓይኑን ይጨፍናል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ትልቁን ኃላፊነት የተሸከሙት የላይኛ የፊት ጥርሶች መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ይህን ስል አባቶቻችንና እናቶቻችን ስለ ጥርስ ደም ግባት ግድ ያልነበራቸው ናቸው ማለቴ አይደለም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል እናቶች ድዳቸውን በመርፌና በጥላሸት እየተነቀሱ ያጠቁሩት የነበረው፣ ድዱ በጠቆረ መጠን ጥርሱ ነጥቶ እንዲታይ አስበው ነው፤ ሕመሙን ለተነቀሱት ትተን ጥበቡን ብቻ ብንመረምር፣ ጥርሱን ሳይነኩ ጥርሱን ማስዋብ መቻላቸው የሚደነቅ ነው። ፍንጭትንም ያነሣን እንደ ሆነ፣ ሌላው ዓለም ጉድለት ነው ብሎ በሽቦ እያሰረ የሚዘጋውን በሁለቱ የፊት ጥርሶች መካከል ያለውን ክፍተት የእኛ ሰው የውበት ማኅተም አድርጎ ሲያወድሰው ኖሯል፤ ዘፋኙ ያዜምለታል፤ ለልጁ ሚስት የሚመርጥ አባትም አላየሁም እያለ ያየዋል። ጠቢቡ ሰሎሞን ራሱ በመኃልየ መኃልይ የወዳጁን ጥርስ ሊያመሰግን በፈለገ ጊዜ ያነሣው የታጠበ የበግ መንጋን ነው። በግ ያረባ ሁሉ እንደሚያውቀው የታጠበ በግ ይነጣል እንጂ አያብለጨልጭም፤ ከመንጋውም አንዱ ከሌላው በመጠንም በአቋምም ይለያል። ሰሎሞን መንጋ አለ እንጂ በገመድ ተለክቶ የተደረደረ ጡብ አላለም፤ በዘመናችን ጥርስ የሚያሠሩ ወጣቶች ይህን ክፍል ቢያነቡት ብዙ ገንዘብ በተረፋቸው።

ጥርስን በሰው እጅ ማስጌጥ አዲስ ነገር እንዳልሆነም አውቃለሁ። ኤትሩስካውያን የሚባሉት የጥንት የኢጣልያ ሰዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በሰባተኛው መቶ ዓመት ገደማ ሰው ሠራሽ ጥርስን በወርቅ ቀበቶ ከጎረቤቱ ጋራ ያስተሳስሩ ነበር፤ በእኛም አገር ባለ ወርቅ ጥርስ ሰው ሲስቅ ሀብቱን የሚያስቆጥርበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ዛሬ ቬኒር እየተባለ የሚጠራው ስስ የጥርስ ልባስ ግን የተወለደው ከሲኒማ ቤት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቻርልስ ፒንከስ የተባለ የጥርስ ሐኪም ለፊልም ተዋንያን በጥርሳቸው ላይ የሚለጠፍ ስስ ገጽ ሠራላቸው፤ ማጣበቂያውም ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚጣበቅበት ዱቄት ነበር፤ ተዋናዩ ካሜራው ፊት ስቆ ሲያበቃ ገጹን አውልቆ፣ በገዛ ጥርሱ እራቱን ሊበላ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንግዲህ ይህ ነገር ከጥንተ ፍጥረቱ ለመታየት የተሠራ እንጂ ለመብላት የተሠራ አልነበረም። በ1955 ደግሞ ማይክል ቡኦኖኮር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የጥርስን ገጽ በአሲድ ጥቂት አሻክሮ ማጣበቂያ እንዲይዝበት የሚያደርግ ብልሃት አገኘ፤ ከዚያም በኋላ እየተሻሻለ ሄዶ፣ ማታ ይወልቅ የነበረው የተዋንያን ጥርስ እንዳይወልቅ ሆኖ ተጣበቀ። የአረካው ሰው መከራም ከዚህ ይጀምራል።

ባለ ታሪኩ የአጎቴ ልጅ ነው፤ ስሙን የማልጠራው ጥርሱን የሚያውቁ ሁሉ ስሙንም ስለሚያውቁት ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የአጠውልግ በሽታ የአካባቢያችንን ዝንጅብል በፈጀው ጊዜ፣ እርሱም አባቱ በተዉለት ማሳ ላይ ተስፋ ቆርጦ፣ ብዙ የደቡብ ወጣቶች የሄዱበትን መንገድ ተከትሎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰደደ፤ በኬፕ ታውንም ሱቅ ከፈተ። ኬፕ ታውን ደግሞ ስለ ጥርስ የራሷ ሃይማኖት ያላት ከተማ ናት፤ በአንዳንድ ሠፈሮቿ ወንዱም ሴቱም ጤነኛ የሆኑ የላይኛ የፊት ጥርሶቻቸውን በፈቃዳቸው አስነቅለው፣ ክፍተቱን የጉብዝና ምልክት አድርገው ይኮሩበታል። ዘመዳችን ከአባቱ የወረሳትን ትንሽ ፍንጭት ይዞ በመካከላቸው ሲመላለስ ገና ጀማሪ አድርገው ሳያዩት አልቀሩም። እርሱ ግን በሱቁ ባንኮኒ ላይ ተደግፎ በስልኩ የሚያያቸው ዘፋኞችና ኳስ ተጫዋቾች ነጭ ረድፍ ስለነበራቸው፣ ልቡ ወደዚያኛው ወገን አዘነበለ፤ ለጋብቻም ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ፣ እናቱን ከማየቱ በፊት፣ በመዲናዪቱ ካሉት የጥርስ ማስዋቢያ ቤቶች ወደ አንዱ ገባ።

ያ ቤት ስሙም ሠፈሩም አይነሣም፤ ሥራው ግን ይነሣል። ስምንት ጤነኛ ጥርሶች በሁለት ቀጠሮ ተሞረዱ፤ በላያቸውም አንድ ወጥ የሆነ፣ ጥርስ ከጥርስ የማይለይበት፣ እንደ መንገድ ጠርዝ ድንጋይ ቀጥ ያለ ነጭ ረድፍ ተለጠፈ። ምን ያህል ይሞረዳል ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ምን ትበላለህ ብሎ የጠየቀውም አልነበረም። የጥርስ ሐኪሞች ቀለም የሚያመሳክሩበት፣ ከ1956 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ በዓለም ሁሉ የታወቀ ባለ 16 ናሙና መደርደሪያ አለ፤ እነዚያ 16ቱ የሰው ጥርስ በተፈጥሮው የሚይዛቸው ቀለማት ናቸው። የእኛ ሰው 16ቱንም አይቶ፣ «ከዚህ የነጣ የለም ወይ?» ብሎ ጠየቀ፤ ለካስ ዓለም እንደ እርሱ ባሉ ሰዎች ጥያቄ ተገዳ ከ16ቱ ወዲያ የነጡ ሌሎች ናሙናዎችም ሠርታለችና፣ ከእነርሱ መካከል የመጨረሻው ተመረጠለት።

እናቱ፣ የአጎቴ ባለቤት እትዬ፣ ልጃቸውን በር ላይ ተቀብለው፣ አቅፈው፣ አልቅሰው፣ በመጨረሻም አገጩን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩት።

«ልጄ፣ የአባትህን ፍንጭት የት ጣልከው?» አሉት።

«እማዬ፣ ዘጋሁት።»

«ምነው? ብርድ ገባብህ?»

አጎቴ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ፎቶግራፋቸውም ቢሆን አንዲት ብቻ ናት፤ እርሷም የመታወቂያ ፎቶግራፍ ስለሆነች አፋቸው ገጥሟል። እትዬ የባላቸውን ሣቅ የሚያዩት በልጃቸው አፍ ውስጥ ብቻ ነበር። ይህን ያስረዱኝ ሌላ ቀን ቡና ሲያፈሉ ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን ምንም አልተናገሩም፤ የልጁን ሻንጣ ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ።

ቀጥሎ የመጣው የንግግር ጣጣ ነው። የሰው አንደበት «ፍ»ን ሲል ታችኛው ከንፈር የላይኛውን የፊት ጥርስ ጫፍ ይነካል፤ «ስ»ን ሲልም አየሩ በጥርስና በምላስ መካከል በጠባብ ሽንቁር ይሾልካል፤ ስለዚህ የፊት ጥርስ ያለ ልኩ የረዘመ ወይም የወፈረ እንደ ሆነ አንደበት አዲስ አገር እንደ ገባ መንገደኛ ይደናገራል። ወላይትኛ ደግሞ ሰላምታውን በ«ሳሮ» ይጀምራል። ዘመዳችን ከስደት የተመለሰ፣ ከተማው ሁሉ ሰላም የሚለው ሰው ነውና፣ ከመናኸሪያው እስከ ቤቱ ሲራመድ «ሳሮ» ባለ ቁጥር ከአፉ ፉጨት ይወጣ ነበር፤ ባጃጆችም የተጠሩ መስሏቸው እየቆሙ ተከትለውት ሰልፍ ሆኑ። አንዱ ሾፌር በትሕትና፣ «ጋሼ፣ በስተ ግራ ልቁም ወይስ በስተ ቀኝ?» ብሎ እንደ ጠየቀው ራሱ ባለ ታሪኩ ነው የነገረኝ፤ ያን ጊዜ ገና ይሥቅ ነበር።

ሠርጉ ደረሰ። ፎቶግራፍ አንሺው መብራቱን ባበራ ቁጥር ከሙሽራው አስቀድሞ ጥርሱ ስለሚታይ፣ «ሙሽራው፣ እባክህ ትንሽ ገጠም አድርገው» እያለ ሲለምን ዋለ፤ ለፎቶግራፍ የተሠራ ጥርስ በፎቶግራፍ አንሺ ትእዛዝ ሲሸፈን ማየት በዕድሜዬ ካየኋቸው አስቂኝ ነገሮች አንዱ ነው። ከቀትር በኋላ ቁርጡ ቀረበ፤ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ከሻኛው መርጠው ለሙሽራው አጎረሱት፤ ሙሽራውም እንደ አባቶቹ ሥርዓት በፊት ጥርሱ ነክሶ ቢላዋውን አነሣ። ሙዳው ታዘዘ፤ ጥርሱም አብሮ ታዘዘ። ልባሱ አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራ ነበርና አንዱ ብቻውን አልወደቀም፤ በስተ ግራ ያሉት አራቱ በማኅበር ወርደው ከዳጣው ሳሕን ውስጥ ገቡ። ሚዜው አጥንት መስሎት ከሳሕኑ አንሥቶ ሊጥለው ሲል ሙሽራው በዓይኑ ለመነው። ከሥር የታዩት የተሞረዱ ጉቶዎች ቀጫጮችና ብጫዎች ነበሩ። ሙሽራይቱ ግን አስተዋይ ናትና ምንም ሳትናገር የነጠላዋን ጫፍ አቀበለችው፤ እርሱም አፉን ሸፍኖ እስከ ማታ እንደ ጨዋ ሰው ተቀመጠ። ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ «ስደት እንዴት ያለ ትሕትና ያስተምራል!» ብለው አመሰገኑት።

ከዚህ በኋላ አንድ ሰው በቀጥታ ወደ ሐኪም ይሄዳል ተብሎ ይጠበቃል። እርሱ ግን የመጀመሪያውን ምክር የሰማው ከጫማ ሰፊ ጎረቤቱ ነው፤ የወደቁት አራቱ በሱፐር ግሉ ተመልሰው ተለጠፉ። ይህ ማጣበቂያ ለጫማ ሶል መልካም ነው፤ በአፍ ውስጥ ግን ድድን ያቃጥላል፤ በደንብ ያልተገጠመውንም እንደ ተንጋደደ ያደርቀዋል። ሁለተኛው ሕክምና የጆሮ ነበር። አዲሶቹ ጥርሶች ስለ ረዘሙ አፉን በገጠመ ቁጥር የታችኞቹ ቀድመው ይመቷቸዋል፤ መንጋጋውም ቦታውን ለማግኘት ሲታገል የማጠፊያው ሕመም በጆሮው ሥር ይሰማው ጀመር። ጆሮዬን አመመኝ ብሎ ወደ መድኃኒት ቤት ሄደ፤ ለጆሮው ጠብታ ተሰጠው፤ ጆሮውም ጤነኛ ሆኖ ሳለ ብዙ ቀን ታከመ። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ጥርሱን ያፋጭ ነበር፤ ወንጌል ሐቅየ ስነን የሚለውን ለወዲያኛው ዓለም ብቻ ይመስለን ነበር እንጂ በአረካም በሙሽራ አልጋ ላይ እንደሚሰማ ባለቤቱ ትመሰክራለች። ድዱ አበጠ፤ በቦረሸ ቁጥር ደማ፤ ምክንያቱም የልባሱ ጠርዝ ከጥርሱ ጋራ ሳይጋጠም ተርፎ የምግብ መሸሸጊያ ሆኖ ነበር፤ ስምንቱም ስለ ተያያዙ በመካከላቸው ክር የሚገባበት ቀዳዳ አልነበረም። ሽታም መጣ። ሽታ በመጣ ጊዜ እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ፤ «ጋሼን ጥሩልኝ» አሉ፤ ጋሼ የተባልኩት እኔ ነኝ፤ ሦስታችንም ወደ ሶዶ ወረድን።

በሶዶ ያገኘናት ሐኪም ወጣት ናት፤ ወንበሯም መሣሪያዋም መካከለኛ ነው። ተራችንን ስንጠብቅ አንድ ከመቂ አካባቢ የመጣ፣ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ከእኛ ፊት ነበረ፤ ጥርሶቹ ቡናማ ናቸው፤ ሲናገርም እጁን ከአፉ አያነሣም። ስለዚህ ልጅ ጥቂት ልዘግይ፤ ከዘመዳችን ይልቅ እርሱ የሚያሳዝን ነውና። ከወንጂ ጀምሮ በመቂና በዝዋይ አድርጎ በሚወርደው የስምጥ ሸለቆ በብዙ ጉድጓዶች ያለው ውኃ ፍሎራይድ የሚባለው ንጥረ ነገር በዝቶበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውኃ ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ይመክራል፤ ሕፃኑ ጥርሱ ከድዱ በታች ገና ሲሠራ ከዚህ የበለጠውን ሲጠጣ ካደገ፣ ጥርሱ ሲወጣ ዥንጉርጉር ወይም ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ይህ እድፍ አይደለም፤ ስለዚህ በመፋቂያ አይለቅም። ልጁ ግን ያልፋቀበት የለም፤ በሎሚ አሽቷል፤ በአመድ ፈትጓል፤ ሎሚው አሲድ ነውና የቀረውን ጤነኛ ገጽ ቀስ በቀስ ሲበላው ከርሟል። ሐኪሟ ሎሚውን ከለከለችው፤ ከላይ ከላዩ ጥቂት አለስልሳ፣ ሁለቱን የፊት ጥርሶች ብቻ ሳትሞርድ በስሱ በጥርስ ቀለም መሙያ ሸፈነችለት፤ ልጁም በመስታወት አይቶ እጁን ከአፉ አወረደ። ከጠዋት እስከ ረፋድ ያለቀ ሥራ ነው። ዘመዳችን ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ ሲያይ ምን እንዳሰበ አልጠየቅኩትም።

በዚያ ጥበቃ መካከል ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። በምዕራባውያን አብያተ ክርስቲያናት ጥርሱን የታመመ ሰው የሚማጸንባት አፖሎንያ የምትባል የእስክንድርያ ሰማዕት አለች፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ249 አረማውያን ስለ ሃይማኖቷ ጥርሶቿን ሰባብረው እንዳሠቃዩአት በዘመኗ የነበረው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ዲዮናስዮስ ጽፏል። እርሷ ጥርሶቿን ያስረከበችው ሃይማኖቷን ላለመካድ ነው። የእኛው ሰው ገንዘብ ጨምሮ አስረከበ።

ሐኪሟ አፉን ካየች በኋላ ወዲያው አልጀመረችም፤ ይህም ነው ያስከበራት። ራጅ አስነሣችው፤ በጀሶ ልኩን ወሰደች፤ ከዚያም ወንበሯን አስጠግታ የመጀመሪያው ቤት ያልጠየቀውን ሁሉ ጠየቀችው፤ ምን ትበላለህ፣ በየትኛው ጎን ታኝካለህ፣ ሌሊት ታፋጫለህ ወይ፣ ከመሠራትህ በፊት የተነሣኸው ፎቶግራፍ አለህ ወይ? ቁርጥ በፊት ጥርሱ ነክሶ እንደሚቆርጥ በሰማች ጊዜ፣ «ወንድሜ፣ ከእንግዲህ ሥጋውን በሳሕን ላይ ቁረጠው» አለችው። እትዬ በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔም በልቤ ይህ ፍርድ በጊፋታ ድግስ ላይ እንዴት እንደሚፈጸም ማሰብ ጀመርኩ፤ ሥጋ በሳሕን ላይ የሚከትፍ ወንድ በአረካ ሽማግሌዎች መካከል የሚደርስበትን ሽሙጥ አውቀዋለሁና።

ከዚያም እውነቱን ነገረችው። የጥርስ የላይኛው ገጽ፣ በሐኪሞች አነጋገር ኢናሜል፣ በሰው አካል ውስጥ ካለው ሁሉ እጅግ ጠንካራው ነው፤ በፊት ጥርስ ላይ ያለው ውፍረቱ ግን አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ የሚሠሩትም ህዋሳት ጥርሱ ከድድ ብቅ ሲል ሥራቸውን ጨርሰው ይጠፋሉ፤ ስለዚህ አጥንት ሲሰበር እንደሚጠግን፣ ቆዳ ሲቆረጥ እንደሚሽር፣ ኢናሜል አንድ ጊዜ ከተሞረደ አይመለስም። ጥሩ ቬኒር የሚሠራ ሐኪም ግማሽ ሚሊ ሜትር ለማንሣት እንኳ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የዘመዳችን ጥርሶች ግን በጥድፊያ እጅግ ተሞርደው፣ ከስምንቱ በሁለቱ ውስጥ ያለው ነርቭ ሞቶ ነበር። «የተለጠፈውን አነሣለሁ፤ ድዱን አድናለሁ፤ የሚያስበላና የሚያናግር ጥርስ እሠራልሃለሁ፤ የቀድሞውን ጥርስህን ግን እኔም ሌላም ሰው አይመልስልህም» አለችው። በዚህ ዓለም ካሉት የሚያስከፍሉ ቃላት ሁሉ ይህን የመሰለ ሐቀኛ ቃል ሰምቼ አላውቅም፤ ማስታወቂያ ቢሆን ማንንም አይስብም።

ማንሣቱ ራሱ ትልቅ ሥራ ሆነ። በደንብ የተጣበቀ ልባስ ተፈልቅቆ አይወጣም፤ የአልማዝ ብናኝ በተቀባ ጥቃቅን መፍጫ ተፈጭቶ ያልቃል እንጂ። ችግሩ ልባሱና ጥርሱ በመልክ መመሳሰላቸው ነው፤ እጇ ትንሽ ቢያልፍ የተረፈውን ጥርስ ትወስደዋለች፤ ስለዚህ እየፈጨች፣ እያጠበች፣ እየተመለከተች፣ እንደገና እየፈጨች ሰዓታት ፈጀች። ሁለቱ ነርቫቸው የሞተው ጥርሶች ሥራቸው ታክሞ ሙሉ ሽፋን እንዲደረግላቸው ተወሰነ። በተቀሩት ላይ ጊዜያዊ የፕላስቲክ ጥርስ አደረገችና፣ ድዱ እስኪሽር ለሳምንታት ወደ አረካ መለሰችው፤ ያበጠ ድድ ሲሽር ስለሚሸሽ፣ ሳይሽር የተለካ ጥርስ ኋላ ጠርዙ ይታያል። እነዚያን ሳምንታት ዘመዳችን በቡላ ገንፎ ኖረ፤ የእንሰት አገር ሰው በመሆኑ ፈጣሪን ሲያመሰግን የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ጉዞ የሰም ጥርስ ቀረበ። ሐኪሟ በጀሶው ላይ በሰም የወደፊቱን ጥርስ ቀርጻ፣ ያንኑ መልክ በአፉ ውስጥ ለሙከራ አስገባችለትና፣ «ተናገርበት» አለችው። «ሳሮ» አለ፤ አላፏጨም። «ፍንጭት» በል አለችው፤ አለ። ከዚያም ቀለም ሲመረጥ ወደ መስኮቱ ወሰደችን፤ ቀለም በአምፖል ብርሃን አይመረጥምና፤ ጥርሱም አፍ ተከፍቶ ሲቆይ ደርቆ ያለ ልኩ ስለሚነጣ ገና ሥራው ሳይጀመር መመረጥ አለበት። 16ቱን ናሙናዎች አንድ ባንድ ከዓይኑ ነጭ ጋራ እያስተያየች፣ ከዓይኑ የነጣውን ሁሉ ጣለች። ዘመዳችን ገና በልቡ ጥቂት ነጭ ነገር ይመኝ እንደ ነበር ፊቱ ይናገራል፤ ነገር ግን እትዬ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ከናሙናዎቹ መካከል ጥቂት ወደ ቅቤ የሚያደላውን በጣታቸው ነኩና፣ «ይኼ የአባቱ ነው» አሉ። ጉባኤው በዚህ ተፈጸመ።

ፍንጭቱስ? ፍንጭቱ በሰሙ ላይ አልነበረም፤ ሐኪሟ የዘጋው በፈቃዱ ስለሆነ ዘግታ ቀርጻዋለች። ዘመዳችን ግን ከኪሱ ስልኩን አውጥቶ፣ ከኬፕ ታውን ሱቁ ባንኮኒ ኋላ ቆሞ ሲሥቅ የተነሣውን አሮጌ ፎቶግራፍ ሳይናገር አቀበላት። እርሷም ፎቶግራፉን አየች፤ እናቲቱንም አየች፤ ቀጭን ቢላዋዋን አንሥታ በሁለቱ የሰም ጥርሶች መካከል ያለውን ፋቀች። እትዬ፣ «ጥቂት ጨምሪ፣ ልጄ፤ አባቱ ሰፋ ይል ነበር» አሏት። ጨመረች። እነሆ ዘመዳችን ፍንጭቱን ለማዘጋት አንድ ጊዜ፣ ለማስከፈት ሁለተኛ ጊዜ ከፈለ፤ የሁለተኛው ሒሳብ ከመጀመሪያው የበለጠ ነው፤ እኔም ይህን ሒሳብ ትክክል ነው እላለሁ፤ ማፍረስና መሥራት ሁለት ሥራ ነውና። አሁን ያለው ፍንጭት በሰው እጅ የተሠራ ነው፤ ከአባቱ የወረሰው አይደለም። እትዬ ግን ልዩነቱን አያዩትም፤ ወይም አይተው ዝም ብለዋል።

በዘንድሮው ጊፋታ ሙዳውን በሳሕን ላይ ሲቆርጥ ሽማግሌዎቹ መሸሞጣቸው አልቀረም፤ እርሱም ሥራውን አላቆመም። ሌሊት ሌሊት ለስላሳ የጥርስ መከላከያ አጥልቆ ይተኛል፤ ሐኪሟም በየስድስት ወሩ ትጠብቀዋለች፤ እንዲህ ያለው ጥርስ በጥንቃቄ ቢያዝ 10 ወይም 15 ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያም በኋላ አምስተኛው ጥርስ ይመጣል።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም ለሠርግ ወይም ለመጪው ጊፋታ ጥርስህን ልታሠራ አሳብ እንዳለህ የሰማሁ እንደ ሆነ የምለምንህ ይህን ነው፤ በጳጉሜን አትሂድ፣ በሐምሌ ጀምር። ምን ያህል እንደሚሞረድ መፍጫው ሳይነሣ ጠይቅ፤ በሰም ሳይታይ በአፍህ አይግባ። የቀድሞውን ፎቶግራፍህን ይዘህ ሂድ፤ ፎቶግራፍ ከሌለህም እናትህን ይዘህ ሂድ።